አንቱታ

አማርኛ ችኩል ነው፤
እንግዳ ከደጅ ሳለ፣ በረዶውን ከጫማው ሳያራግፍ ገና፣
ግሡ ቀድሞ ወጥቶ «ነህ ወይስ ነሽ?» ይላል፣ በር ላይ ቆመና።
ስለዚህ እኚህን ሰው፣
ኩሺሮ ከተማ፣ ወደቡ አጠገብ፣ ሌሊት በማይዘጋ ሱቅ
የሩዝ ጥቅል የሚደረድሩትን፣
ገና ሃያ ሦስት ዓመታቸው ቢሆንም
እንደ አገር ሽማግሌ አንቱ ልበላቸው፣
ራሳቸው እስኪነግሩኝ።

ኢቡኪ ይባላሉ።
ስሙ ለወንድም ለሴትም ይሆናል፤
እናታቸው ሲያወጡት ምን እንዳሰቡ እንጃ።
ከሥራ ሲመለሱ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ካልሲያቸውን ሳያወልቁ
አሮጌ ኮምፒውተር ይከፍታሉ፤
ማራገቢያው እንደታመመ ድመት ያንኮራፋል።
ጨዋታው የሚነበብ ነው፤
ከኋላ ሥዕል፣ ከፊት ሰው፣ ከሥር የፊደል ሣጥን፣
ገጽ ለመግለጥ አንድ ጣት ይበቃል።
እዚያ ውስጥ ጹዩኮ አለች፤
የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ የምትይዝ፣
ዝናብ ሲመጣ ሮጣ መስኮት የምትዘጋ፣
ደራሲው በሰባተኛው ምዕራፍ እስኪያዋርዳት ድረስ።

ሙዚቃው ቀጥ ይላል።
በጀግናው ግንባር ላይ የላብ ጠብታ ይሣላል።
እሷም «ቦኩ» ትላለች።
በዚያ አገር «እኔ» ብዙ ነው፤
የወንድ ልጅ እኔ አለ፣ የጨዋ እኔ፣ የጉልቤ እኔ፣
እንደ ጫማ ከደጅ ተደርድሮ።
ያቺ አንዲት ቃል ከአፏ ስትወድቅ
አንባቢ እንዲሥቅ ተጽፏል።
ከዚያ ምርጫ ይመጣል፣ ሁለት መስመር ብቻ፦
      መሣቅ።
      መሸሽ።

ኢቡኪ አሥራ አንድ ጊዜ እዚህ ደረሱ።
አሥራ አንድ ጊዜ ሣጥኑን በቀስቷ ዳር እስከ ዳር ዳሰሱ፣
ቁልፍ ከምንጣፍ ሥር እንደሚደበቅ
ሦስተኛ መስመር ተደብቆ እንደሁ።
የለም።
አንዴ ሣቁ። ጹዩኮ ከታሪኩ ጠፋች።
አንዴ ሸሹ። ጹዩኮ ከታሪኩ ጠፋች።
ዘጠኝ ጊዜ ኮምፒውተሩን አጥፍተው፣ ግድግዳ ሲያዩ ነጋ።
ደራሲው ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤
ምናልባት ቀኑ ደርሶበት፣ ምናልባት ደመወዝ ዘግይቶ፣
ለሣቅ የሚሆን ነገር ሲፈልግ እጁ ያገኘው እሷን ነው።
እሾህም አስቦ አይደለም የሚወጋ።

የበረዶው ወራት ሁለቴ አለፈ።
ኢቡኪ መጻፍ ጀመሩ፣ በደረሰኝ ጀርባ፣
ዓሣ አጥማጆች ትኩስ ሾርባ ሲገዙ እያቋረጡ፣
የገዛ ራሳቸውን ጨዋታ።
በዚህኛው፣ ልጅቷ ምሥጢሯን ስትናገር ሙዚቃው አይቆምም።
ዝናቡም አያባራም።
ከሥር ሦስት ምርጫ፦
      «መቼ አወቅሽ?»
      ዝም ማለት።
      «የገብስ ሻይሽ ቀዝቅዟል፤ ላሙቀው?»

ድምፅ የሚሰጥ ሰው ስለጠፋ
ማይክሮፎኑን ራሳቸው ያዙ፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው።
«ዋታሺ» አሉ፤ ደግመው አዳመጡ፤ አልሆነም።
«ዋታሺ» አሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።
በአራተኛው ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ።
በአምስተኛው፣ ቀስ ብላ፣
«ዋታሺ» አለች።

በል ቋንቋዬ፣ ጫማህን ፍታና ግባ።
ነገረችን።

አርባ ሦስት ዲስክ አባዝታ ሳፖሮ ወሰደች፤
ከጠባብ ጠረጴዛ ኋላ ቀኑን ሙሉ ተቀመጠች፤
ስድስት ሸጠች።
አመሻሽ ላይ አንድ የላስቲክ ቦቲ ያደረገ ሽማግሌ መጣ፣
ዓሣ ዓሣ የሚሸት፣ መንገድ የጠፋበት የሚመስል።
«ምን አለበት?» አላት፣ ዲስኩን ወደ መብራት እያነሣ።
ስለ ጹዩኮ፣ ስለ ሁለቱ መስመሮች፣ ስለ አሥራ አንዱ ሌሊት
ሳምንት ሙሉ ያጠናችው ንግግር ነበራት።
«ሻይ አለበት» አለች።

ሳንቲሙን አንድ በአንድ ቆጠረ።
«ኮምፒውተር እንኳ የለኝም» አለ፣ «ለልጄ ነው»።
ወንድ ልጅ ትሁን ሴት ልጅ፣
ወይም ይሁን፣
አልነገራትም።
አልጠየቀችም።